ተበላሽቷል የሚለው በር

በ2045 ክረምት አሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻ ዘነበ። ሰኔ ላይ ሦስት ቀን፣ ሐምሌ ላይ አሥራ አንድ፣ ነሐሴ ላይ አምስት። ሩዙ ሳያሽት ቀረ። የዘለቃ ወንዝ ጥቅምት ሳያልቅ ከጉልበት በታች ሆነ፤ ታኅሣሥ ላይ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ይሻገረው ጀመር። በጥር ከብት ተነዳ። ከከብቱ ጋር ከቀበሌው አርባ የሚሆን ቤተሰብ ሄደ። የቀረነው ጓያ በላን። ጓያ ዝናብ በራቀው መሬት ላይም ይበቅላል፤ ግን ወር ሁለት ወር ሌላ እህል ሳይቀላቅል የበላው ሰው እግሩ ይያዛል። በእኛ ቀበሌ ሃያ ሁለት ሰው እግሩ ተያዘ። ዘጠኙ ልጆች ነበሩ።

በዚያ ዓመት የውሃ አባት እኔ ነበርኩ። የውሃ አባት ማለት በአንድ ቦይ የሚያጠጡ ገበሬዎች ተራ እንዲያስከብር መርጠው የሚያስቀምጡት ሰው ነው። በእኛ ቦይ ስልሳ አራት ቤት ነበር። ወንዙ አጠገብ ያለው ማሳ ራስ ይባላል፣ መጨረሻ ያለው ግርጌ። በአያቴ ጊዜ የውሃ አባት ቦዩን በአካፋ ይከፍትና ይዘጋ ነበር። በእኔ ጊዜ እያንዳንዱ ማሳ የብረት በር ነበረው፤ በሩ በፕሮግራም ራሱ ይከፈታል፣ ራሱ ይዘጋል፣ ከላዩ ባለች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ለገበሬው ይጽፋል። «ተራህ ነው።» «ተራህ አልደረሰም።» ሌላ ነገር አይጽፍም ነበር።

ፕሮግራሙን የጻፉት ወይዘሮ አጸደ የሚባሉ የደብረ ታቦር አስተማሪ ናቸው። አይቻቸው አላውቅም። ጽፈው ሲጨርሱ ባሕር ዳር ባለው ጎተራ አስቀመጡት። ጎተራ የምንለው ነፃ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበትን ቤት ነው፤ የፈለገ ይወስዳል፣ አይከፍልም፣ ለምን ፈለግኸው አይባልም። ወይዘሮ አጸደ አንድ ግዴታ ብቻ አኖሩ። የወሰደ ሰው ከለወጠው፣ የለወጠውን መልሶ እዚያው ያስቀምጥ፤ ሌላውም ያየው ዘንድ። ፕሮግራሙ በአማርኛ ነው የተጻፈው። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አነበብኩት፤ ገባኝ።

ታኅሣሥ ላይ ውሃውን ለካሁ። ለስልሳ አንድ ቤት ይበቃል። ስልሳ አራቱም ከተካፈሉት የማንም ሽንኩርት አይደርስም። ስለዚህ ከግርጌ ሦስት ቤት ቆረጥኩ። ከሦስቱ አንዱ የይስማው ገላው ነበር። ይስማው አበልጄ ነው፤ ሴት ልጁን ትብለጥን ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ። እሱን ሳልቆርጥ ብተወው፣ አንለይ ለአበልጁ አደላ ይባላል። ቆረጥኩት። እዚህ ድረስ አሁንም ቢሆን ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አይታየኝም።

መናገሩ ግን አቃተኝ። ፋሲካን አብሮኝ የሚፈስክ ሰው ፊት ቆሜ «ዘንድሮ ውሃ የለህም» ማለት አፈርኩ። ሁለት መስመር ለወጥኩ። አንደኛው፣ የሦስቱ ቤቶች ተራ ሲደርስ በሩ እንዳይከፈት። ሁለተኛው፣ ሰሌዳው እንዲህ ብሎ እንዲጽፍ፦ «ተበላሽቷል። ይጠገናል። ትንሽ ይታገሡ።»

ይስማው ታገሠ። በየስድስት ቀኑ ተራው ሲደርስ መፍቻና የዘይት ጣሳ ይዞ ይመጣል። ደለሉን በእጁ ያወጣል። ብሎኑን ይፈታል፣ ይጠርጋል፣ መልሶ ያስራል። ሰሌዳው ተበላሽቷል ይላል። አሥራ አንድ ተራ እንዲህ አደረገ። ከማሳዬ ሆኜ አየዋለሁ። አንድ ቀን ጠራኝ።

«አንለይ፣ እስቲ አንተም እየው። ያንተ ዓይን ይሻላል» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁለት። እጄን ጭቃው ውስጥ ከትቼ ፈለግሁ። «እኔም አልገባኝ» አልኩት።

መጋቢት ላይ ይስማው ለቀን ሥራ መተማ ሄደ። አልተመለሰም። ሚስቱ በሁለተኛው ዓመት ሞተች። ትብለጥ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ጓያው እግሯን ይዟት ስለነበር አክስቷ ወስዳ አሳደገቻት። በሃያ ዓመቷ ከዘራ ይዛ ተመለሰች፤ የአባቷን ማሳ፣ ግርጌውን፣ ማረስ ጀመረች።

ዝናብ ሲመጣ ሁለቱን መስመር አነሣሁ። በዚያ ዓመት በሌሎች ቦዮች ሰው በአካፋ ተፈነካክቷል። በእኛ ቦይ አንድ ሰው አልተሰደበም። ከወንዙ ማዶ ያለው የውሃ አባት መጥቶ «እንዴት አድርገህ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። የነገርኩት ለእሱ ብቻ ነው።

በየዓመቱ ጥር 12፣ ፕሮግራሙ ጎተራ በገባበት ቀን፣ ለወሰዱት ሁሉ ደብዳቤ ይመጣል። «የወሰዱትን ለውጠዋል?» ይላል። ከሥሩ ሁለት መልስ አለ፤ አንዱን ይነኩታል። ወይዘሮ አጸደ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ደብዳቤው ግን በስማቸው ይመጣል። የመጀመሪያው ሲመጣ ይስማው ከታች በሩን እየጠረገ ነበር። ሃያ አምስት ጊዜ «አልለወጥኩም» አልኩ።

*

በ2071 መስከረም ዕጣ ወጣብኝ።

አሁን ሕጉ እንዲህ ነው። ሕዝብ የሚገለገልበት ዕቃ ሁሉ የሚሠራበት ፕሮግራም ጎተራ ውስጥ የተቀመጠ መሆን አለበት። ጎተራው ያልተቀበለው አይነሣም። አውቶቡሱ፣ የገበያው ሚዛን፣ የጤና ጣቢያው በር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የፈቃዱን ቁጥር ይናገራል። ጠዋት መንገድ ላይ የሚሰማው ቁጥር ነው። ሰው ለምዶታል። ልጆች አውቶቡስ ሆነው ሲጫወቱ መጀመሪያ ቁጥር ይናገራሉ።

ተቀባዮቹ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ፕሮግራም የሚያውቅ፣ አንዱ ሕግ የሚያውቅ፣ አንዱ ሁለቱንም የማያውቅ። ሦስተኛው በዕጣ ይመጣል። ወንበሩ የተጠቃሚ ወንበር ይባላል፤ አራት ወር ይቀመጡበታል። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ይቅርብኝ አልኩ። አይቻልም አሉኝ። በየቀኑ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ሄጄ እመለስ ጀመር።

ሕግ የሚያውቁት ወይዘሮ ዓለምነሽ ሃያ ዓመት ዳኛ የነበሩ ሴት ናቸው፤ ሰብሳቢያችንም እሳቸው ናቸው። ፕሮግራም የሚያውቀው ኢዮስያስ የሚባል አርባ ዓመት የሞላው ኢንጂነር ነው፤ ዓይኑ ሁልጊዜ ቀይ ነው። በቀን አርባ ማመልከቻ እናያለን። ለአንዱ ዘጠኝ ደቂቃ። ግድግዳው ላይ ሰባት ጥያቄ ተጽፏል። አንደኛው «የፈለገ ሰው ሊያነበው ይችላል?» ይላል። ሁለተኛው «ለሚጠቀምበት ሰው ይዋሻል?» ይላል። ሰባቱን ጥያቄ ለእያንዳንዱ ማመልከቻ ጮክ ብሎ ማንበብ የእኔ ሥራ ነው። ከሰዓት በኋላ ድምፄ ይዘጋል። ሁለተኛውን ጥያቄ በቀን አርባ ጊዜ አነባለሁ።

አብዛኛው ቀላል ነው። ፍየል ስትጠፋ ባለቤቷን የሚጠራ ቃጭል፤ ይቀመጥ። የሞተች እናት ድምፅ አስመስሎ ልጆችን ጠዋት የሚቀሰቅስ፤ አይቀመጥም። አንድ ቀን የእድር ቀሪ የሚይዝ መጣ። ለቅሶ ቤት ማን እንደመጣ፣ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ፣ አልቅሶ እንደሆነና እንዳልሆነ ይመዘግባል።

«ለቅሶውን በምን ይለካዋል?» አለ ኢዮስያስ።

«በድምፅ ነው፣ ጌታዬ» አሉ የእድሩ ዳኛ።

«እኔ ባሌ የሞተ ዕለት አላለቀስኩም» አሉ ወይዘሮ ዓለምነሽ። «ስንት ትቀጡኝ ነበር?»

«ለሟች ቤተሰብ አስተያየት ይደረጋል፣ እመቤቴ።»

«ደግ ናችሁ» አሉ። አይቀመጥም።

ማታ ቤት ስገባ ልጄ ዳኘው «ዛሬስ ስንት ጣላችሁ?» ይለኛል። ማሳውን የሚያርሰው እሱ ነው። ማሳዬ ራስ ነው፤ ከወንዙ ሦስተኛው። ስድስት ሰው በእሱ ይበላል።

*

ኅዳር 20 ቀን «ሰላም በር» የሚባል ማመልከቻ ቀረበ። ያቀረበው የአምስት ወንዞች የመስኖ ኅብረት ነው። በሃያ ስድስት ቦዮች ላይ በሙከራ ፈቃድ ሦስት ዓመት ሠርቷል፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ቦዮች ገብተውበታል። ከተቀበልነው ከጥር ጀምሮ የእኛም ቦይ ይገባበታል።

ወኪሉ አቶ ሰጥአርጌ ይባላል። ጫማው ንጹሕ ነው፤ ንግግሩ ለስላሳ።

«በነዚህ ቦዮች ላይ በውሃ ምክንያት የሚነሣ ጠብ ከአሥር ወደ አንድ ወርዷል» አለ። «አንድም ሰው አልሞተም። ይህን ሌላ ማንም አላደረገውም።»

ኢዮስያስ ራሱን ነቀነቀ። ወንድሙ ወሎ ውስጥ በውሃ ጠብ ነው የሞተው፤ አንድ ቀን ምሳ ላይ ነግሮኛል።

ሰባቱን ጥያቄ አነበብኩ። አቶ ሰጥአርጌ ለሰባቱም መለሰ። ሁለተኛው ላይ «አይዋሽም» አለ። ከዚያ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመርኩ። ቁጥር ማየት ልማዴ ነው። አንድ ገጽ ላይ የጥገና ማሳወቂያ ይላል፤ በሦስት ዓመት ስድስት ሺህ አንድ መቶ።

«ጠጋኝ ስንት አላችሁ?» አልኩት።

«አራት፣ አባቴ።»

«አራት ሰው ስድስት ሺህ በር ጠገነ?»

«አብዛኛው በራሱ ነው የሚስተካከለው።»

«መቼ?»

«ከጥቂት ሰዓት በኋላ።»

«የገበሬው ተራ ካለፈ በኋላ?»

ብርጭቆውን አንሥቶ ውሃ ጠጣ። «አንዳንዴ ይገጣጠማል» አለ።

ዘጠኝ ደቂቃው አለቀ። እሱ ወጣ፤ ሦስታችን ቀረን። ኢዮስያስ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች አየው። ደግሞ አየው።

«ውሸት የለበትም» አለ። «ግን እዚህ ጋ ባዶ ቦታ አለ። ሁለት መስመር የሚገባበት። ማኅበራቱ በየቦታቸው ይሞሉታል ይላል። የሚሞሉት ነገር ግን እኛ ጋ አልመጣም። ያልመጣ ነገር መዳኘት አንችልም።»

«አባ አንለይ የጠረጠሩት ትክክል ቢሆንስ?» አሉ ወይዘሮ ዓለምነሽ።

«ትክክል ይሆናል። ግን ሁለቱን መስመር የሚሰጠን ሰው እንፈልጋለን። አንድ ሰው ከሰጠን፣ የጎተራው ማሽን ከየበሩ ጋር ያስተያየዋል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ እናውቃለን።»

«ማን ይሰጠናል? በሕዝብ ውሃ ላይ የለወጠውን የደበቀ ሰው ማሳው ግርጌ ይወርዳል። ዕድሜ ልኩን። ልጆቹም ጭምር። ማን እብድ አለ?» ሰዓታቸውን አዩ። «ከሌለ እንግዲህ ይቀመጥ ማለት ነው። ጠብም ቀንሷል።»

ሁለቱ መስመር ቤቴ ነበር። የውሃ አባት የሚይዘው ቁልፍ አለ፤ አውራ ጣት የሚያህል ብረት፣ ያደረጉትን ሁሉ ይዞ የሚያስቀር። በጨርቅ ጠቅልዬ ሃያ አምስት ዓመት ከዳዊቴ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

«የተጠቃሚ ወንበር አንድ ጊዜ ማሳደር ይችላል አይደል?» አልኩ።

«ይችላል።»

«ይደር።»

ኢዮስያስ በቀይ ዓይኑ አየኝ። «አባቴ፣ ነገ ምን ይለወጣል ብለው ነው?» አለ። ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ።

*

አሥር ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ ወረድኩ። ቤቴ አልገባሁም፤ በቦዩ ዳር ቁልቁል ሄድኩ። ከራስ እስከ ግርጌ አንድ ሺህ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ትብለጥ በሯ ስር ተቀምጣ ደለል እየጠረገች ነበር። ከዘራዋን መሬቱ ላይ ተክላዋለች።

«ዳኛው መጡ!» አለች ከሩቅ። «አብዬ፣ ዛሬ ማንን ሰቅለው ነው ፊትዎ እንዲህ የጠቆረው?»

«ገና አልሰቀልንም።»

«እንግዲያው ይቀመጡና አካፋ ይያዙ። ወንበር ላይ ውለው ወገብዎ ዝጓል።»

ተቀመጥኩ። አካፋውን አልያዝኩም።

«ትብለጥ፣ ይህ በር ደህና ነበር» አልኳት።

«አሁንም ደህና ነው። ደለል ነው እንጂ።»

«የዚያን ዓመት ማለቴ ነው። ተበላሽቷል ሲል የነበረ ጊዜ። አልተበላሸም ነበር። እንዲህ እንዲል ያደረግሁት እኔ ነኝ። ውሃው ለሁላችሁ አይበቃም ነበር። እናንተን ቆረጥኩ። ለአባትሽ መናገር አፈርኩ።»

መጥረጓን አላቆመችም። ሁለት እፍኝ ደለል አውጥታ ዳር ላይ አደረገች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ብረቱን ሊገዛ ነበር የሄደው» አለች።

«የትኛውን ብረት?»

«የዚህን በር። መተማ አለ ተብሎ። የቀን ሥራ ሠርቶ ሊገዛው። የበሩን ወርድ በገመድ ለክቶ፣ ከዚህና ከዚያ ቋጥሮ፣ ኪሱ ከትቶ ሄደ። እናቴ እስክትሞት የምታወራው ይህን ገመድ ነበር።»

አላውቅም ነበር። አላውቅም ነበር አልኳት።

«ለምን አልነገርከውም?» አለችኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አንተ ብላኝ አታውቅም።

«ፊቱን ማየት አቃተኝ።»

«አየኸው እኮ። አብረኸው ጎንበስ ብለህ በሩን አይተሃል። እኔ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር።» በእጇ አሳየችኝ። ድንጋዩ አሁንም አለ። «ውሃ የለህም ብትለው አይጣላህም ነበር። ታውቀዋለህ። በጥር ከብት ከነዱት ጋር እንሄድ ነበር። አክስቴ ዘንድ እህል ነበር። እኛ የቀረነው በሩ ይጠገናል ብለን ነው። ጓያውን የበላነው እሱን ስንጠብቅ ነው።»

ይህን በሃያ አምስት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም። ውሃ የከለከልኳቸው ይመስለኝ ነበር። የከለከልኳቸው መሄድን ነው።

«ነገ ጎተራ አስመዘግበዋለሁ» አልኳት። «ለሁሉም ይነበባል። ከዚያ በፊት ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው። ማሳዬ ግርጌ ይወርዳል። ያንቺ በእኔ ቦታ ይገባል።»

«ጠየቅኩህ?»

«አልጠየቅሽኝም።»

«እንግዲህ ሂድ። አስመዝግብ።» ጎንበስ ብላ ደለሉን ማውጣት ቀጠለች። ከዘራዋን ይዤ ተነሣሁና መልሼ ተከልኩት። ቀና ብላ አላየችኝም።

ቤት ገብቼ ለዳኘው ነገርኩት። ራቱን ሳይጨርስ እጁን ታጠበ። «ስድስት ሰው ነን» አለ። «ቢያንስ እኔን መጠየቅ ነበረብህ።»

ልክ ነው። ለእሱም በጊዜው አልነገርኩትም።

*

በማግሥቱ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጨርቁን ኢዮስያስ ፈታ። ሁለቱን መስመር ግድግዳው ላይ አወጣቸው፤ ሦስታችንም አነበብን። ትልቅ ሆነው ሲታዩ ያን ጊዜ እንዳየኋቸው አልነበሩም።

«ይህ የማን ነው?» አሉ ወይዘሮ ዓለምነሽ።

«የእኔ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለመመለስ ነው ያመጣሁት።»

ውጭ የአንድ አውቶቡስ በር ቁጥሩን ተናገረ።

«ችግር አለ» አለ ኢዮስያስ በመጨረሻ። «ማስተያየት የምችለው ጎተራ ውስጥ ከገባ ነው። ለመግባት ደግሞ እንደ ማንኛውም ነገር በሰባቱ ጥያቄ ማለፍ አለበት። ሁለተኛው ላይ ይወድቃል። ይዋሻል።»

«መመለስ ግዴታ ነው፤ መቀበል ክልክል ነው» አሉ ወይዘሮ ዓለምነሽ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው አሹ። «ሕጉን ስንጽፍ የደግ ሰው ሥራ ብቻ ነው የሚመጣው ብለን ነበር።»

«እኔ ምን ላድርግ?» አልኩ። «ይዤው ልመለስ?»

«ይቀመጡ፣ አባ አንለይ። መርዝም መድኃኒት ቤት ይቀመጣል፤ ስሙ ተጽፎበት፣ ተቆልፎበት።» ወደ ኢዮስያስ ዞሩ። «ማንም እንዲያነበው፣ ማንም እንዳያስነሣው ተደርጎ መቀመጥ ይችላል?»

«ይችላል። ተደርጎ ግን አያውቅም።»

«አሁን ይደረግ። ሁለተኛውን ጥያቄ ያንብቡልን፣ አባ። ስለራስዎ ነው፤ ጮክ ብለው።»

አነበብኩ። «ለሚጠቀምበት ሰው ይዋሻል?» ከዚያም እንደ አመልካች መለስኩ። «ይዋሻል።»

«ታስሮ ይቀመጥ» አሉ። ኢዮስያስ እጁን አወጣ። እኔ በራሴ ጉዳይ እጅ አላወጣሁም።

ማስገቢያው ላይ «ለምን ለወጡት?» የሚል ቦታ አለ። ማሻሻል፣ ማስተካከል፣ ሌላ ይላል። ሌላ የሚለውን ነካሁ። እንዲህ ጻፍኩ፦

«የይስማው ገላው፣ የፈንቴ አጉማሴና የጓንቼ ዳምጤ በሮች ደህና ነበሩ። ውሃ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። ፊታቸውን አይቼ መናገር ስላፈርኩ በሩ ተበላሽቷል እንዲል አደረግሁ። ጠብቀው ተጎዱ። ለሌላ ሰውም አስተማርኩ። አንለይ ሙጨ።»

ማሽኑ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሁለቱ መስመር ከሃያ ስድስቱ ቦዮች በሃያ ሦስቱ ላይ ተገኙ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስምንት በር። ቃሉ አልተለወጠም፤ «ትንሽ ይታገሡ» የሚለውም አለ። ከእኔ አፍ ወደ አንድ ሰው፣ ከእሱ ወደ ሌላው ሄዷል። ሁሉም በሮች ግርጌ ናቸው።

አቶ ሰጥአርጌ ተጠርቶ ገባ። ግድግዳውን አየ። አልካደም።

«አባቴ» አለኝ፣ ለእኔ ብቻ እንደሚናገር። «ሰው ከሚፋጅ አይሻልም?»

«እኔም እንደሱ ብዬ ነበር» አልኩት።

አይቀመጥም።

*

ታኅሣሥ ላይ ማሳዬ ግርጌ ወረደ፤ የትብለጥ በእኔ ቦታ ገባ። የተዛወረው የውሃው መብት ብቻ አይደለም፤ መሬቱም ነው። ዳኘው አጥሩን ነቅሎ ተከለ። ሁለት ሳምንት አላናገረኝም፤ ከዚያ ስለ ዘር ጠየቀኝ። ሰዎች መንገድ ላይ ሰላም ይሉኛል፤ ከዚያ ቆም ብለው ጫማቸውን ያያሉ። ወንበሬን አልተቀማሁም፤ ሰው ጎድሏል ብለው አራቱን ወር አስጨረሱኝ። ሁለተኛውን ጥያቄ በቀን አርባ ጊዜ አነበብኩ።

ወንበሩን ከለቀቅሁ በኋላ ኢዮስያስ አንድ ቀን ደወለልኝ። ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ስምንቱ በር እውነቱ የተነገራቸው ገበሬዎች በሰባት ቦይ ተጣልተዋል አለ። አንድ ሰው እጁ ተሰብሯል። ብዙዎቹ ግን ከብታቸውን በጊዜ ነድተው ሄደዋል። ዘንድሮም ዝናቡ ትንሽ ነው።

ጥር 12 ደብዳቤው አልመጣም። እስከ ረፋድ ጠበቅሁ። ከዚያ የወይዘሮ አጸደን ፕሮግራም ጎተራው ውስጥ ፈለግሁት። ከሥሩ ወስደው የለወጡና የመለሱ ሰዎች ስም ተደርድሯል፤ ብዙ ናቸው። መጨረሻው ላይ የእኔ አለ። ከጎኑ የቁልፍ ምልክት ተደርጎበታል፤ «ተመልሷል» ይላል። ሌላ ምንም አይልም።

አካፋዬን ይዤ ግርጌ ወረድኩ። ተራዬ ነበር። በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ሰሌዳውን አየሁ። «ተራህ ነው» ይላል። ቦዩ ውስጥ ግን ውሃ የለም። እርጥብ አሸዋ ብቻ።

ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ትብለጥ በቦዩ ዳር ስትመጣ አየኋት። ከራስ እስከ ግርጌ አንድ ሺህ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ በከዘራ ሲሆን ይበዛል። ሰው መላክ ትችል ነበር። መቅረትም ትችል ነበር። ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች። ስትደርስ ላብ በላብ ሆናለች። ቆማ ፊቴን አየችኝ።

«ውሃው ከመሃል አላለፈም» አለችኝ። «ዛሬ አይደርስህም። ነገም አይደርስህም። አትጠብቅ።»

«እሺ» አልኩ።

አካፋዬን አነሣሁና ወደ ቤት ሄድኩ።